ማድ ቤት የቀረችው

በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ ከቦርዶ በስተምሥራቅ፣ ፕለም ቪሌጅ የሚባል የቡድሂስት ገዳም አለ። ቬትናማዊው መነኩሴ ቲክ ናት ሃን እ.ኤ.አ. በ1982 የመሠረተው ነው። አንድ ፈረንሳዊ የሥራ ባልደረባዬ ጎትቶ ለአንድ ሳምንት ወሰደኝ። ምግቡ አልከበደኝም፤ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል የሚባል ስለሌለ «ሁዳዴ ነው» ብዬ ተቀመጥኩ። የከበደኝ ዝምታው ነው። ደወል ከተደወለ በኋላ ለ20 ደቂቃ ያህል ማንም አይናገርም። እኛ ቤት ማዕድ ላይ ዝም ከተባለ ወይ መርዶ አለ፣ ወይ አባወራው አኩርፏል።

በማግስቱ ማድ ቤት ተመደብኩ፤ እዚያ እንግዳም ይሠራል። ሥራ ሳይጀመር አንድ መነኩሴ ዕጣን ሲለኩስ ቡና የሚፈላ መስሎኝ ልቤ ዘለለ። ካሮት ስንከትፍ ደወል ተሰማ፤ ሁሉም ቢላዋውን እንደያዘ ቀጥ አለ፣ ቀስ ብሎ ሦስት ጊዜ ተነፈሰ። ቀጭ ቀጭ የሚለው የእኔ ቢላዋ ብቻ ነበር።

ፕለም ቪሌጅ የሚከተለው የቡድሂዝም ዘርፍ ዜን ይባላል፤ የዜን ሰዎች ለምግብ አብሳይ ልዩ ክብር አላቸው። ጃፓናዊው የዜን መምህር ዶገን እ.ኤ.አ. በ1223 ቻይና ሲደርስ፣ መርከቡ ድረስ እንጉዳይ ሊገዛ የመጣ ሽማግሌ መነኩሴ አገኘ፤ የገዳሙ አብሳይ ነው። እደርና እንጫወት ቢለው የነገው ምግብ ይጠብቀኛል አለ። በዚህ ዕድሜህ ከድስት ጋር ከመታገል ብታነብ አይሻልም ወይ ሲለው፣ ሽማግሌው ገና አልገባህም ብሎ ሳቀበት። ዶገን ነገሩ ከልቡ ሳይወጣ ቀርቶ በ1237 ስለ ገዳም አብሳይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ጻፈ።

እኔ ያደግኩት «ወንድ ልጅ ማድ ቤት ምን ይሠራል?» እየተባልኩ ነው። ስሙን ልብ በሉልኝ፤ የማዕድ ቤት እንለዋለን፣ ማዕዱ ሲቀርብ ግን የሠራችው የለችም። እናቴ «ብሉ፣ እኔን ሽታው አጥግቦኛል» ትልና ወጥ ልትጨምርልን ድስቱ ሥር ትቆማለች። አብሮ መብላታችንን ለፈረንጅ ስናወራ እሷን ቆጥረናት አናውቅም። ፈረንሳይ መጥተንም ያው ነው፤ ክርስትና ቤት ወንዶቹ ሳሎን፣ ሴቶቹ ምድጃው ዘንድ። ፕለም ቪሌጅ ግን ያበሰለው ሳህኑን ይዞ ከሁሉም ጋር ይቀመጣል፤ የበላበትንም እያንዳንዱ ራሱ ያጥባል። (የእኛም አንድነት ገዳማት በጋራ ሠርተው በጋራ ይበላሉ፤ ከአጥሩ ወጥቶ ቤታችን አልገባም እንጂ።)

እሑድ ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። ካሮት መክተፌን ሰምታ እስኪደክማት ሳቀች። ከዚያ፣

«ያበሰለው መነኩሴ አብሯቸው ቁጭ ብሎ ይበላል?»

«አዎ፣ እማዬ።»

ጥቂት ዝም አለች።

«ታዲያ ወጡን ማን ይጨምርላቸዋል?»