ከበሮውን ተዉትና ስለ ገጹ እናውራ

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጅማ፣ አንድ የሳይንስ ውይይት ላይ፣ አንድ ምሁር ማይክ ይዘው እንዲህ አሉ፦ "የተበተነ ሞገድ የጥምዝ ገጽን ቅርጽ አይነግረንም። ይሄ በ1992 ተረጋግጦ አልቋል።" አዳራሹ አጨበጨበ። ርዕሱም ጥቅም ስለሌለው ከተማሪዎች ምርምር ይውጣ ተባለ። ኧረ በናታችሁ! ጥምዝ ገጽ ማለት እንደ ኮረብታ የጎበጠ ገጽ ነው፤ መበተን ማለት ደግሞ ሞገድ ወደ ገጹ ልኮ እንዴት ሆኖ እንደሚወጣ ማየት ነው።

በ1992 ያለቀው ሌላ ጉዳይ ነው (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው)። የሂሳብ ሊቁ ማርክ ካክ በ1966 የከበሮን ቅርጽ በድምፁ ብቻ ማወቅ ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። ጎርደን፣ ዌብ እና ዎልፐርት የተባሉ የሂሳብ ሊቃውንት በ1992 ቅርጻቸው የተለያየ፣ ድምፃቸው ግን አንድ የሆነ ሁለት ከበሮዎች አቀረቡ። ጥሩ። ግን ከበሮዎቹ ጠፍጣፋ ናቸው፤ ጥምዝ የሚባል ነገር የላቸውም። ደግሞ ከበሮ የሚሰጥህ የድምፆች ዝርዝር ብቻ ነው። ሞገዱ በየት ገባ፣ በየት ወጣ፣ ወዴት ዞሮ፣ በስንት ጊዜ? አንዱም የለም።

በመበተን ግን ይሄ ሁሉ አለ። ጅሬን ኮረብታን አስቡት። ግርጌውን ከብበን ቆመናል፣ ወደ ላይ ማየት ግን አይፈቀድልንም። በሞገድ ፋንታ ከየቦታው በየአቅጣጫው ሰው እንልካለን፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሳይል፣ የሚረግጠውን መሬት ተከትሎ ቀጥ ብሎ ይሂድ። በየት እንደወጣ፣ ፊቱ ወዴት እንደነበር፣ ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት እንመዘግባለን። አንድ ሰው ብቻ ከላክን ምንም አናውቅም። ሁሉንም ከላክን ግን እያንዳንዷ ጉብታ በብዙ መንገድ ትረገጣለች፤ ከአንዱ ብትደበቅ ሌላው ያጋልጣታል። አቋራጭ መንገዶችን ብቻ የሚመዘግብ ሰው ሊሸወድ ይችላል፣ ምክንያቱም ኮረብታው ረጅም ከሆነ አቋራጩ በዙሪያው ስለሚያልፍ ጫፉን ማንም አይነካውም። እሱ ግን የመዝጋቢው ስስት ነው እንጂ የመበተን ድክመት አይደለም።

ይሄ የኔ ምኞት እንዳይመስላችሁ። የሂሳብ ሊቃውንቱ ሊዮኒድ ፔስቶቭ እና ጉንተር ኡልማን በ2005 አረጋግጠውታል። የገጹ ጠርዝ ወደ ውጭ የጎበጠ ከሆነ፣ ከአንድ ነጥብ የተነሱ ቀጥተኛ መስመሮችም ውስጥ ተመልሰው ካልተሰባሰቡ፣ በጠርዙ ነጥቦች መካከል ያለው ርቀት ብቻ የገጹን ጂኦሜትሪ ይወስናል። ርቀት ብቻ! ሙሉው የመበተን መዝገብ ሳይጨመርበት እንኳ።

ገብቶ የማይወጣ መስመር ካለ ነገሩ ይከብዳል፣ እሺ። ብሩክስ እና ፔሪ የተባሉ የሂሳብ ሊቃውንትም የመበተን ፌዛቸው (phase) አንድ የሆነ የተለያዩ ጥምዝ ገጾችን ሠርተዋል። ግን ፌዝ ማለት ያንን ሁሉ መዝገብ ጨምቀህ ለእያንዳንዱ የሞገድ ድግግሞሽ (frequency) አንድ ቁጥር ማስቀረት ነው። መረጃውን ራስህ ጥለህ ስታበቃ "መረጃው አይበቃም" ማለት ምን ይሉታል?

"ጥቅም የለውም" የምትለዋ ደግሞ ከሁሉም ታናድዳለች። ሰው ከቆፈራቸው ጉድጓዶች ጥልቅ ነው የሚባለው ሩሲያ ያለው የኮላው ጉድጓድ ከ12 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ዴንማርካዊቷ የመሬት መንቀጥቀጥ ተመራማሪ ኢንጌ ሌማን ግን በ1936 ከ5,000 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ጥልቀት ላይ ያለውን የመሬት ውስጠኛ እምብርት አገኘችው። በአካፋ አይደለም። ዳር ላይ የደረሱ የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገዶችን አንብባ ነው።

የጅማ የሂሳብ ተማሪ ለዚህ ላቦራቶሪ አያስፈልገውም፣ ውድ መሣሪያም አይጠይቅም። ወረቀት፣ ጊዜ እና የሚያማክረው ሰው ካገኘ ይበቃዋል። ርዕሱ ይመለስለት። የከለከሉትም ሰዎች ካሻቸው ከጭብጨባ ሌላ ማስረጃ ይዘው ይምጡ።