ለአጥንት ቸሮች ምስጋና ይድረስ

ባሕር ዳር በጣናዋ፣ በዘንባባዋና በብስክሌቷ ስትመሰገን ኖራለች። በአጥንት ቸርነቷ ግን እስካሁን አንድ የምስክር ወረቀት እንኳ አልተሰጣትም፤ ይህ ግፍ ነው። የፋሲካ ማግስት ከፋሲሎ እስከ ሽምብጥ በእግሩ የሄደ ሰው ያውቀዋል፦ በየአጥሩ ሥር አፉ የተቀደደ ፌስታል፣ በየፌስታሉ ዙሪያ ሦስት አራት ውሻ፣ ከበሩ ላይ ደግሞ የጽድቅ ሥራውን ቆሞ የሚያደንቅ አባወራ።

ሌላው ዓለም ለውሻው ብስኩት እጋግራለሁ ብሎ ዱቄት ይመዝናል፤ ይስማማው ይሆን አይስማማው እያለ ይጨነቃል። የእኛ ሰው ትሪውን አንስቶ በአጥር ላይ ያሻግራል፤ በቃ። ከውጭ የመጣ ነገር የለበት፣ የፋብሪካ ቅመም የለበት፣ ሙሉ በሙሉ የቤት ሥራ ነው። እንዲህ ያለ ሙያ ሳይጻፍ መቅረት የለበትምና አዘገጃጀቱን ከነልኩ እናስቀምጥ።

የሙያው አውራ ዶሮ ወጥ ነው። አንድ ዶሮ በወጉ 12 ብልት ይወጣዋል፤ ለእሱ ሁለት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ይከተፋል፤ ነጭ ሽንኩርቱ፣ በርበሬውና ቅቤው ይከተላል። እንግዳው ሥጋውን ግጦ እጁን ከታጠበ በኋላ ወጥ የጠጣው እንጀራና አጥንቱ ለውሻው ይደርሳል። እዚህ ላይ የባለሙያዋ ልክ አዋቂነት ይታያል። ሽንኩርት ውሻን መመረዝ የሚጀምረው በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ15 እስከ 30 ግራም ሲደርስ ነው። 15 ኪሎ የሚመዝን የግቢ ውሻ የሁለት ብልት ድርሻ ወጥ ከእንጀራው ጋር ቢያገኝ 330 ግራም ያህል ሽንኩርት በላ ማለት ነው፤ በኪሎ 22 ግራም። ያለ ሚዛን፣ በዓይን ግምት ብቻ፣ ልኩን እንዲህ መሀል ለመሀል የሚመታ እጅ መድኃኒት ቤት ውስጥም አይገኝም። ለቡችላ ከሆነ ደግሞ ሩብ ጭልፋ ይበቃል፤ ቁጠባም አለበት።

«ሽንኩርቱ እኮ በደንብ ቁላላ ብሏል» የሚሉ አሉ። ሦስት ሰዓት ቢቁላላም ለውጥ የለውም። በሽንኩርትና በነጭ ሽንኩርት ውስጥ ያለው የድኝ ውሕድ በእሳት አይጠፋም፤ ደሙ ውስጥ ሲገባ የውሻውን ቀይ የደም ሕዋሳት ይሰባብራል። የዚህ ወጥ ትልቁ ጥበብ ግን ወዲያው አለመጋለጡ ነው። ውሻው በዕለቱ ጭራውን እየቆላ ያመሰግናል። ከሦስት እስከ አምስት ቀን ቆይቶ ድዱ ይነጣል፣ ሽንቱ ይጠቁራል፣ ደረጃ መውጣት ያቅተዋል። ያን ጊዜ ዶሮ ወጡን የሚያስታውስ የለም፤ «የጎረቤት ዓይን ነው» ይባላል፣ ጎረቤትም ይኮረፋል።

አጥንቱስ? ጥሬ አጥንት ኮላጅን ስላለው ሲነከስ ትንሽ ይለጠጣል (እሱም ቢሆን ጥርስ ይሰብራል፤ የሚመሰገንበት ብዙ ነገር የለውም)። የበሰለው ግን ኮላጅኑ ወደ መረቁ ወጥቷል። በተለይ የዶሮ ጭን አጥንት መሀሉ ቀፎ ነው፤ ሲነከስ በቁመቱ ይሰነጠቅና እንደ መርፌ የሾለ ስንጥር ይሆናል። ስንጥሩ ጉሮሮ ላይ ካልቆመ ሆድ ውስጥ፣ ሆድ ውስጥ ካልቆመ አንጀት ጫፍ ላይ ይጠብቃል። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንል ነበር፤ የእኛ ውሻ በበላበት ያስመልሳል።

የጊዜ አመራረጣችንም ሊወደስ ይገባዋል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ቤቱ ሲጾም ውሻውም ሽሮ ፍትፍት እየላሰ አብሮ ይጾማል፤ ማንም አላስገደደውም፣ የሚሰጠው ሌላ ነገር ስለሌለ ነው። ከዚያ በአንድ ሌሊት ቅቤ፣ የዶሮ ቆዳ፣ የበግ ላትና ጮማ ይወርድበታል። ለሳምንታት ስብ ያላየ ሆድ ላይ ይህ ሁሉ ሲገባ ጣፊያ ላይ ሳይሆን ቆሽት ላይ ነው ጉዱ የሚወጣው፤ ቆሽቱ ይቆጣና የራሱን ሥጋ መፍጨት ይጀምራል። ውሻው የፊት እግሮቹን መሬት ላይ ዘርግቶ ቂጡን ወደ ላይ አንስቶ ይቆማል። ያየው ሁሉ «ሰገደ!» ብሎ ይስቃል። ሆዱን አሞት ነው።

ሐይቁ ዳር ደግሞ የራሱ ወግ አለው። ቆሮሶ በዘይት ተጠብሶ ከዳጣ ጋር ይቀርባል፤ እንግዳው ከጎንና ከጎን ያለውን ሥጋ ያነሳል፤ ጭንቅላቱ፣ አከርካሪውና የጀርባ ክንፉ ከጠረጴዛው ሥር ይወርዳል። የቆሮሶ የጀርባ ክንፍ ተራ በተራ የተደረደረ እሾህ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ዓሣ አጣቢዎቹ በጣታቸው ያውቁታል። ለዚህ ነው መጀመሪያ በመቀስ የሚያወልቁት። ለውሻ ሲሆን ግን እሾሁ ይተዋል፤ «ዓሣ ለፀጉሩ ጥሩ ነው» የተባለው ሳይጎድል እንዲደርሰው ነው እንግዲህ።

ክረምት ሲገባ የበቆሎ እሸት ጥብስ በየጥጉ ይወጣል፤ ቆረቆንዳውም ወደ ውሻ። ቆረቆንዳ አይፈጭም፣ አይሟሟም፤ ከሆድ ወደ ቀጭኑ አንጀት ሲሻገር እንደ ቡሽ ይወተፋል። በራጅ እንኳ ጎልቶ አይታይም። መፍትሔው ቢላዋ ነው። አንድ እሸት ለብዙ ሺህ ብር ቀዶ ሕክምና ሲያበቃ፣ ከዚህ በላይ ትርፍ ያለው ንግድ ያለ አይመስለንም።

የቸርነታችን ጫፍ ግን ቅርጫ ነው። በሬው ይታረዳል፣ መደቡ ይደለደላል፣ ሰው ሳንባውን ሲያይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያገኝበታል። አንዳንዴም ጉበቱ ላይ። «ይህ ለሰው አይሆንም» ይባላል፤ ትክክለኛ ፍርድ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ፍርድ ግን የበለጠ ያስደንቃል፦ «ለውሻው ስጡት»። ያ ውሃ የቋጠረ ከረጢት የአንድ ትንሽ የኮሶ ዘመድ እጭ ማደሪያ ነው። ውሻው ሲበላው በአንጀቱ ውስጥ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ የሚረዝሙ በሺህ የሚቆጠሩ ትሎች ይሆናሉ። ውሻውን አያሳምሙትም፤ አይከሳም፣ አያስለውም። ስድስት ሳምንት ገደማ ሲሞላቸው እንቁላላቸውን ከዓይነ ምድሩ ጋር መልቀቅ ይጀምራሉ። እንቁላሉ ከውሻው ፀጉር ወደ ልጅ እጅ፣ ከጓሮው አፈር ወደ ጎመኑ፣ ከጎመኑ ወደ ማዕዱ ይመጣል። በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ያው ውሃ የቋጠረ ከረጢት ለዓመታት ቀስ እያለ ያድጋል። «ለሰው አይሆንም» የተባለው ዕቃ በውሻ በኩል ዞሮ ለሰው ሆነ ማለት ነው። ውለታ መላሽ እንስሳ ነው ሲባል የነበረው በከንቱ አልነበረም።

ይህን የመሰለ ልግስና ንቀው የራሳቸውን ጎዳና የሚሄዱ ጥቂት ቀሽሞች በከተማዋ አሉ። ከረጢት ያለበትን ሳንባ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ይቀብሩታል ወይም ያቃጥሉታል። ንጹሕ የሆነውን ጉበት ራሱ በጥሬው አይሰጡም፤ ጣት በሚያህል ቆርጠው ይቀቅሉታል። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነውና 30 ደቂቃ የተባለውን 40 ያደርጉታል። ለውሻቸውም የትል መድኃኒት፣ ፕራዚኳንቴል ያለበትን፣ በእንስሳት ሐኪም ልክ ያሰጣሉ። ከዚያ የተቀቀለውን ጉበት በስሱ ከትፈው 90 ወይም 100 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ፣ በሩን ገርበብ አድርገው፣ ሁለት ሦስት ሰዓት ያደርቁታል። ጨው የለው፣ በርበሬ የለው፤ ቋንጣ ብሎ መጥራት ራሱ ቋንጣን መስደብ ነው። አብዝተው አይሰጡትም ደግሞ፤ ጉበት ቫይታሚን ኤ የተከማቸበት ስለሆነ በየቀኑ ሲሆን አጥንት ላይ ችግር ያመጣል ይላሉ። ስስት ነው የሚመስለው።

ብስኩታቸው ደግሞ ከዚህም የባሰ ጣዕም የለሽ ነው። ግማሽ ኪሎ የሚሆን የቆሮሶ ሥጋ ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት ይቀቅላሉ። ጥሬውን ለምን አይሰጡም? አንዳንድ ዓሣ ቫይታሚን ቢ1ን የሚያፈርስ ነገር በጥሬው ስላለው ነው፤ ሙቀት ያጠፋዋል። ከዚያ ሥጋውን ሰፊ ሰሀን ላይ ያፈሱና ልክ ምስር እንደሚለቅም ሰው አጎንብሰው ይቀመጣሉ። አውራ ጣትና ሌባ ጣት መሀል ቆንጥረው ይፈትጉታል፤ ጭራው አካባቢ ያለችው ቀጭን አጥንት በዓይን አትታይም፣ በጣት ግን ትቆረቁራለች። አንዴ ጨርሰው እንደገና ይጀምራሉ፤ በመጨረሻም በወንፊት ያሳልፉታል። አጥንት አውጥቶ ለውሻ መስጠት! አያቶቻችን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር?

ከተለቀመውና ውሃው ከተጨመቀው ዓሣ 250 ግራም፣ በእንፋሎት በስሎ ከተፈጨ ዱባ 200 ግራም፣ አንድ እንቁላል፣ 300 ግራም የዳጉሳ ዱቄትና 100 ግራም የስንዴ ዱቄት ይቀላቅላሉ። የጎጃም ዳጉሳ እያለ ስንዴው ለምን አስፈለገ ቢሏቸው መልስ አላቸው፦ ዳጉሳ የሚያያይዝ ግሉተን የለውም፣ ብቻውን ሲሆን ሲደርቅ እየተፈረፈረ አሸዋ ይሆናል። አሸዋ ከተባለ ዘንድ፣ ዳጉሳ አውድማ ላይ ስለሚወቃ ደቃቅ ጠጠር አይለየውምና ከመፈጨቱ በፊት አጥበው ያሰጡታል። በርበሬ የፈጨ ወፍጮም አያስፈጩም። ዱባውን ውሃ ውስጥ ከቀቀሉት ሊጡ ይቀጥንና ዱቄት ይጠጣል፤ ብስኩቱም ድንጋይ ይሆናል። ለዚህ ነው በእንፋሎት የሚያበስሉት። ዳጉሳ ውሃ ቀስ ብሎ ስለሚስብ ሊጡን 20 ደቂቃ ያሳርፉታል፤ ይህን የዘለለ ሰው መጀመሪያ ላይ ዱቄት ይጨምራል፣ በኋላ ይቆጨዋል።

ሊጡ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ውፍረት እስኪኖረው ይዳመጥና ትንንሽ ሆኖ ይቆረጣል። ኦቨን ላለው 160 ዲግሪ፣ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ፤ ከዚያ አጥፍቶ እስኪቀዘቅዝ እዚያው ውስጥ መተው። ምጣድ ብቻ ላለው ነገሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ በሚጋገርበት ግለት ላይ ብስኩት ከተቀመጠበት ውጩ ያርራል፣ ውስጡ ሊጥ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ምጣዱን አግለው ያጠፉታል፤ ብስኩቱን ደርድረው አክንባሎውን ይደፉና 15 ደቂቃ ይጠብቃሉ፤ አገላብጠው፣ ለጥቂት ደቂቃ አብርተው፣ ደግመው ያጠፋሉ። ሦስት አራት ዙር። መብራት ቢጠፋ አይደነግጡም፤ ማጥፋቱ የአሠራሩ አካል ነው። በዚህች ከተማ መብራት ሲጠፋ የማይበላሽ ብቸኛ ምግብ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

መድረቁ የሚታወቀው ሲሰበር «ቀጭ» ሲል ነው። ከተጣጠፈ ውስጡ ርጥበት አለ፤ የሐምሌ የጣና አየር ላይ በሁለት ሦስት ቀን ይሻግታል። የሻገተ ብስኩት ተጠርጎ አይሰጥም፤ የሻገተ ኦቾሎኒም እንዲሁ፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የውሻን ጉበት ይጎዳል። የደረቀው ክዳን ባለው ማሰሮ አንድ ሳምንት፣ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ወር ይቆያል።

ቸኮሌትና ቡናም ይከለክላሉ እነዚህ ሰዎች። ዘቢብም፣ ምክንያቱም ኩላሊት ያቆማል። ስኳር የለውም የተባለ ማስቲካ ውስጥ ያለው ዛይሊቶል የደም ስኳርን በደቂቃዎች ውስጥ ይጥላል። የዳቦ ሊጥ እንኳ ከቡሃቃ ሲላስ ያባርሩታል፤ ሆዱ ውስጥ እየኮመጠጠ ይነፋዋል፣ ያሰክረዋልም። እኛ ግን ሰክሮ ሲንገዳገድ ቪዲዮ እንቀርጻለን፤ ደስታን ማካፈል እናውቃለን።

ከሁሉ የሚያሳፍረው መጠኑ ነው። ከላይ ያለው ልክ 90 ገደማ ብስኩት ይወጣዋል፤ አንዱ አምስት ግራም። 15 ኪሎ ለሚመዝን ውሻ በቀን 850 ካሎሪ ገደማ ያስፈልገዋል፤ ከዚያ ውስጥ ለማባበያ የሚሆነው ከ10 በመቶ መብለጥ የለበትም ይላሉ። ሲካፈል አራት ብስኩት ይደርሰዋል፣ ያውም የመጀመሪያው ቀን አንድ ብቻ፣ ሆዱ ይስማማው እንደሆነ እስኪታይ። «ብላ እንጂ፣ በሞቴ!» ብሎ እንግዳ መለመን በለመደ ቤት ይህ እንዴት ይነገራል? ደግነቱ ብስኩቱ ውስጥ ሰው የማይበላው ነገር የለም። አምስተኛውን ባለቤቱ ራሱ ይብላው፤ ጨው ይጎድለዋል እንጂ በዳጣ ይሄዳል።