ማስተካከያ፦ አፌክት (affect) እና ኢፌክት (effect)
ሰሞኑን እዚህ ባህር ዳር ተማሪዎች በቴሌግራም እየተቀባበሉት ያለው የእንግሊዝኛ ግራመር ኖት «አፌክት ግስ ነው ኢፌክት ስም ነው በቃ» የሚለው መስተካከል አለበት። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው ግን ኢፌክትም ግስ ይሆናል፣ ያኔ ትርጉሙ ያልነበረን ነገር ማምጣት፣ እንዲሆን ማድረግ ነው፣ አፌክት ደግሞ ያለውን ነገር መንካት፣ ተፅዕኖ ማሳደር። ጣናን እዩት፣ እንቦጩ መረብ ላይ እየተጠመጠመ ጀልባ እያገደ አሳ ማስገሩን ጎድቶታል፣ ይሄ አፌክት ነው፤ እዚህ ጋ ኢፌክት ብትሉ እንቦጩ አሳ ማስገርን ፈጠረ ማለታችሁ ነው። ገበሬው ወጥቶ አረሙን እየነቀለ ለውጥ ሲያመጣ ግን ኢፌክት ቼንጅ (effect change) ነው የሚባለው። ልዩነቱ የመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ ስለሆነች ፈተና ላይ በደንብ እዩዋት፣ ኖቱን ለላካችሁላቸው ልጆችም ይሄን ላኩላቸው እባካችሁ።