መኪና ለሌለው ሰው የልጅ ጋሪ የሚሸጥ የለም እንዴ?

እናንተዬ፣ ዛሬስ ልናገር ነው። የልጅ ጋሪ ፍለጋ አናቴን አዙሮታል።

ቴሌግራም ላይ ያለውን የልጆች ዕቃ ሻጭ ሁሉ አየሁ። መርካቶ ዞርኩ፣ ቦሌ ዞርኩ። የሁሉም መልስ አንድ ነው። «በጣም ቀላል ነው እህቴ፣ መኪና ውስጥ ቁጭ ይላል።» የቱ መኪና? እኔ የምሳፈረው ታክሲ ነው። እንዲህ ስላቸው «ታክሲማ ይገባል» ይሉኛል፣ ላዳ መስሏቸው። ኧረ ሚኒባስ ነው የምለው! ተሰልፈን የምንገባበት፣ «ጠጋ ጠጋ በሉ» የምንባልበት።

«ቀላል ነው» ላሉኝ ሁሉ ስንት ኪሎ እንደሆነ እጠይቃለሁ። አብዛኛው ሻጭ አያውቀውም። «አንሺው እስኪ» ይለኛል። አነሳዋለሁ። ሱቅ ውስጥ፣ ልጅ ሳልይዝ፣ ሴራሚክ ላይ ቆሜ ምን ይከብደኛል? የሚከብደው ሰፈር ሲደረስ ነው። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍት የለውም። ልጄ አንድ ዓመት ከሦስት ወሯ ነው፣ ዐሥር ኪሎ አልፋለች። ጋሪው ሰባት ኪሎ ይሁን። የዳይፐሩ፣ የውሃውና የቅያሪ ልብሱ ቦርሳ አለ። ሃያ ኪሎ ሊሞላ ምን ቀረው? ያን ሁሉ ተሸክሜ፣ መብራት ጠፍቶ ከሆነ ደግሞ ስልኬን በጥርሴ ነክሼ ነው ደረጃውን የምወጣው።

ጋሪ የለሽም እንዳትሉኝ፣ አለኝ። አክስቴ ከአሜሪካ ልካልኛለች፣ እግዜር ይስጣት። ሦስት ትላልቅ ጎማ ያለው፣ የቡና ብርጭቆ ማስቀመጫ ሳይቀር የተሠራለት ነው። እናትየው ስፖርት እየሠራች፣ እየሮጠች እንድትገፋው ታስቦ ነው አሉ። እዚህ እኔ የምሮጠው ታክሲ ለመያዝ ነው፣ እሱን ይዞ ደግሞ አይያዝም። አሁን በረንዳ ላይ ሽንኩርትና ድንች ጭኖ ቆሟል። ሽንኩርቱ ተመችቶታል።

ከዚያ ደግሞ «የአውሮፕላን ጋሪ» የሚሉት አለ። በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው የፈረንሳዩ ዮዮ ነው። 6 ኪሎ ከምናምን ይመዝናል። ሲታጠፍ 52 በ44 በ18 ሴንቲሜትር ይሆናል፣ አውሮፕላን ውስጥ ከራስ በላይ ያለው ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ እንዲገባ ተብሎ። እውነቱን ለመናገር አሪፍ ነው፣ አልዋሽም። ግን ሐምሌ 2016 ላይ የዶላር ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ምን እንደሆነ እኔ አልነግራችሁም። ደመወዜ ሰምቶ ይደነግጣል። በዚያ ላይ ሚኒባስ ከራስ በላይ ያለው ጣሪያ ብቻ ነው። አርባ አራት ሴንቲ ስፋት ያለው ነገር ደግሞ ጉልበቴና የፊት ወንበሩ መሃል አይገባም። ጉልበቴ ራሱ በግድ ነው የሚገባው። መሬት ላስቀምጠው ብል መተላለፊያው ተዘጋ ተብሎ ጠብ ነው። አውሮፕላን የሚገባ ጋሪ ሚኒባስ እንቢ ሲለው አስቡት።

ስለዚህ ለእኛ ታክሲ ቅርፁ የሚሆነው ያ የድሮው፣ እንደ ጃንጥላ ተጠቅልሎ ረጅምና ቀጭን የሚሆነው ነው። የፈለሰፈው ኦወን ማክላረን የሚባል እንግሊዛዊ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነው፣ ስፒትፋየር የሚባለው የጦር አውሮፕላን እግር ሲሠራ ከነበሩት አንዱ። ጡረታ ወጥቶ አያት ከሆነ በኋላ በ1965 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የፈጠራ መብቱን አመለከተ። የመጀመሪያው ጋሪ በአልሙኒየም ተሠርቶ 3 ኪሎ አይሞላም ነበር። ከስድሳ ዓመት በፊት! ዛሬ እኔ ሰባት ኪሎ «ቀላል» እየተባልኩ ነው።

ግን እሱም ጣጣ አለው። ጎማው ትንንሽ ነው። የኮሪደር ልማት በደረሰበት የእግረኛ መንገድ ላይ፣ በአራት ኪሎ በፒያሳ በኩል በሉት፣ ይንሸራተታል፣ ደስ ይላል። ወደ ሰፈር ታጥፋችሁ ኮብልስቶን ስትጀምሩ ግን የልጅቷ ጉንጭ ይንቀጠቀጣል። የፊቱ ጎማ ድንጋዩ መሃል ይሰነቀርና ቀጥ ይላል፣ እናንተ በሆዳችሁ እጀታው ላይ ትደፋላችሁ። ገና ስድስት ወር ያልሞላው፣ መቀመጥ ያልቻለ ሕፃን ደግሞ ጭራሽ አይሆንበትም። የአብዛኛው መደገፊያ ወደ ኋላ ተለጥጦ አይተኛም።

ባለፈው ለሁለተኛው የኩፍኝ ክትባቷ ጤና ጣቢያ ስወስዳት ይህን ዓይነቱን ከጎረቤት ተውሼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ብርቱካን ገዝቼ ፌስታሉን እጀታው ላይ ሰቀልኩ፣ የሚሰቀልበት ሌላ ቦታ ስለሌለው። ታክሲ ተራው ጋ ስደርስ ልጅቷን አነሳኋት። ጋሪው ወዲያው ወደ ኋላው ተዘረጋ። ለካ ሚዛኑን የጠበቀችው እሷ ናት! ብርቱካኑ በሰልፉ እግር ሥር ተንከባለለ።

ከዚያ ማጠፍ መጣ። ሁለት መቆለፊያ አለው። አንዱን በእግር ጣት ወደ ላይ ታነሱታላችሁ፣ ሌላውን በተረከዝ ትረግጣላችሁ፣ ከዚያ ሁለቱን እጀታ ወደ ፊት ትገፋላችሁ። ሁለት እጅ! ግራ እጄ ላይ ልጅ አለች። ቀኝ እጄ ላይ ቦርሳ አለ። ወያላው «ማዘር ቶሎ በይ!» ይለኛል። (ማዘር! ሰላሳም አልሞላኝ!) ከኋላዬ ሰልፉ ያጉረመርማል። የነጠላዬ ጫፍ ማጠፊያው ውስጥ ገብቶ ተያዘ። ይህን ስታገል አንድ የማላውቃቸው አባት ምንም ሳይጠይቁኝ «አምጪያት» ብለው ልጄን ከእጄ ወሰዱ፣ ገብተው ሞተር ላይ ተቀመጡ፣ ታክሲው እስኪሞላ ሲያጫውቷት ቆዩ። የዚህ አገር ሰው ልጅ ለመያዝ አይለመንም፣ ይባረክ። ወያላው ግን ለጋሪው የአንድ ሰው ሒሳብ ጠየቀኝ። ጋሪው እኔና መስኮቱ መሃል ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ የማንንም ወንበር አልያዘም። «ቦታ ይዟል» አለ። ተጨቃጨቅን። ግማሽ ከፈልኩ። ለምን ግማሽ? እኔም እሱም አናውቅም።

ባቡርስ አትሉኝም? ባቡሩ መስከረም 2008 ሲጀምር የልጅ እናት ብሆን ኖሮ እልል እል ነበር። ወለሉ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከጣቢያው ጋር እኩል ነው፣ ጋሪውን ሳታጥፉ እየገፋችሁ ትገባላችሁ። በአዲስ አበባ ትራንስፖርት ውስጥ ለጋሪ የተመቸ ነገር አለ ከተባለ እሱ ነው። ግን ድልድይ ላይ ያሉት ጣቢያዎች ከፍ ያሉ ናቸው፣ በደረጃ ከሆነ ጋሪውን ታቅፎ መውጣት ነው። መሬት ላይ ያሉት ደግሞ አስፋልቱ መሃል ናቸው፣ መሻገር አለ። የሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ላይ እንኳን ጋሪ እስትንፋስም አይገባም። ሐዲዱም የሁሉም ሰፈር አይደለም። እኔ የምሄድበት ጤና ጣቢያ በዚያ በኩል የለም።

አሁን ደግሞ «ምን አስጨነቀሽ፣ አዝለሻት ሂጂ» የሚል ይመጣል። እናቴም እንዲያው ነው የምትለኝ። «እኛ በአንቀልባ አሳደግናችሁ፣ ማን ጋሪ ገዛልን?» ትላለች። እማዬ፣ አዝያታለሁ እኮ! ስድስት ወር ሳለች ደስ ብሎኝ ነው ያዘልኳት። አሁን ግን ዐሥር ኪሎ ናት፣ ወገቤ አለቀ። ታክሲ ውስጥ ደግሞ አዝሎ መቀመጥ አይቻልም፣ ፈትቶ ማውረድ ነው፣ ስትወርጂ እንደገና ማዘል ነው። አስፋልት ዳር ቆሞ ልጅ ማዘል እንዴት እንደሆነ የሞከረች ታውቀዋለች። ደግሞ ሁለቱም ቢኖረኝ ምን አለበት? ማዘልም በጋሪ መግፋትም የእኔ ምርጫ ይሁን።

ስለዚህ ለእናንተ ለሻጮቹ ነው የምናገረው። ኪሎውን ጻፉ። ታጥፎ ስንት በስንት እንደሚሆን ጻፉ። ትከሻ ላይ የሚያነግቱበት ማሰሪያ እንዳለው ንገሩን። ታጥፎ ብቻውን ይቆማል ወይስ ይወድቃል? ቪዲዮ ስትሠሩ ያቺን ጥፍሯን የተቀባች ልጅ ባዶ ሳሎን ውስጥ «ቀጭ» አድርጋ እንድታጥፈው አታድርጉ። በአንድ እጅ አጥፋችሁ አሳዩን። ሌላኛው እጅ ላይ ልጅ ይኑር። አሻንጉሊት ሳይሆን እውነተኛ፣ የሚንፈራገጥ፣ ፀጉር የሚጎትት ልጅ። እና እባካችሁ፣ ዋጋ ስንጠይቃችሁ «በውስጥ መስመር» አትበሉን።