ገንዘቡ ከጀልባው ቀድሞ ነው የደረሰው

ከ2025 እ.ኤ.አ. ክረምት ጀምሮ የአሜሪካ ኮሌጆች ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ መክፈል ችለዋል። ከዚያ ወዲህ ለቅሶው በዝቷል። ገንዘብ የኮሌጅ ስፖርትን አበላሸው፣ ንጹሑ ውድድር ድሮ ቀረ ይባላል። እኔ ግን ያንን ንጹሕ ዘመን ፈልጌ አጣሁት።

የአሜሪካ ኮሌጆች መጀመሪያ የተፎካከሩት በጀልባ ቀዘፋ ነው። ሃርቫርድና ዬል በኦገስት 1852 ኒው ሃምፕሻየር ውስጥ ዊኒፔሳኪ ሐይቅ ላይ ተገናኙ። ውድድሩን የደገሰው የባቡር ድርጅት ኃላፊ ነበር። ባቡሩ ወደ ሐይቁ ይሄዳል፤ ሰውየው ተሳፋሪ ይፈልጋል። ስለዚህ ተማሪዎቹን እናንተ ቅዘፉ፣ ወጪው በእኔ አላቸው። እነሱም እንደ ሽርሽር ቆጥረውት ሄዱ። ሃርቫርድ አሸነፈ። ጫፋቸው በብር የተለበጠ ሁለት መቅዘፊያዎች የሸለማቸው ፍራንክሊን ፒርስ ነው። ያኔ ለፕሬዚዳንትነት እየተወዳደረ ነበር፣ በኖቬምበር ተመረጠ። ስፖንሰር አለ፣ ተመልካች አለ፣ ድምፅ የሚፈልግ ፖለቲከኛም አለ። ሌላ ምን ቀረ?

ጭቅጭቁም ብዙ አልቆየም። በ1855 ሃርቫርድ ጀልባውን እንዲመራ ያሰለፈው ሰው ትምህርቱን ጨርሶ የወጣ ነበር። ዬሎች ጮኹ። እነሱም ቢሆኑ በ1864 ደሞዝተኛ አሠልጣኝ ቀጠሩ።

ሩጫ የገባው በጀልባው ጀርባ ነው። በ1873 ስፕሪንግፊልድ ላይ ለቀዘፋ በተሰበሰበው ሕዝብ ፊት የ2 ማይል ሩጫ ተካሄደ። ዋንጫውን ያቀረበው የጋዜጣ ባለቤቱ ትንሹ ጄምስ ጎርደን ቤኔት ነው፤ ወሬ ይሸጣል፣ ወሬ ፈጠረ። ያሸነፈው ደግሞ ከካናዳ የመጣ የማክጊል ተማሪ ነበር። በ1876 ሩጫው የራሱ የኮሌጆች ሻምፒዮና ኖረው፤ እሱም ሳራቶጋ በምትባለው የሀብታሞች መዝናኛ ከተማ።

በኋላ ኮነቲከት ውስጥ ኒው ለንደን በምትባለው ከተማ የሃርቫርድና የዬል ውድድር ሲደረግ ወንዙን ተከትሎ ልዩ ባቡር ይሄድ ነበር። ክፍት ፉርጎዎች ላይ አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል። ባቡሩ ከጀልባዎቹ እኩል እየተጓዘ 4ቱንም ማይል ያሳያል። ቲኬት ተሽጧል፣ ሆቴል ሞልቷል። መዳፉ የተላጠው ቀዛፊ ግን የበይ ተመልካች ነው። ንጹሕ የተባለው እንግዲህ እሱ ብቻ አለመብላቱ ነው።

ክፍያውን የምደግፈው ለዚህ ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ኮሌጅ እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲያካፍል ተፈቅዷል። ትልልቆቹ ኮሌጆች ግን አብዛኛውን የሚሰጡት ለአሜሪካን ፉትቦልና ለወንዶች ቅርጫት ኳስ ነው። ሩጫና ቀዘፋ ትርፍራፊውን ይጠብቃሉ፤ በጀት ሲጠብም ከሚቆረጡት ውስጥ እነሱ አሉበት። በሩጫ ስኮላርሺፕ የሚማሩ የእኛ ልጆችም እዚያው ሰልፍ ውስጥ አሉ። ለድሮው የሚያለቅሱት ሰዎች ስለዚህ ሲናገሩ ብዙም አልሰማሁም።