ከሚከተሉት አንዱን ይምረጡ

በ2018 ጥርና የካቲት ልጁን የዳረ ሰው ሩጫ ምን እንደሆነ ያውቃል። ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ የነበሩት እሑዶች አራት ብቻ ናቸው። ሁዳዴ የካቲት 9 ገባ። በዚያው ሳምንት ረመዳንም ገባ። ስለዚህ አዳራሹም፣ ቬሎውም፣ ቪዲዮ ቀራጩም፣ ሥጋ ቆራጩም አራት እሑድ ላይ ተረባረቡ። ተጋባዡም አልቀረለትም። በአንድ ቀን ሦስት ቦታ ይጠራል። አንዱ ጋ ምሳ ይበላል፣ ሌላው ጋ ኬክ ይቀምሳል፣ ሦስተኛው ጋ ሲደርስ «ኧረ ጠግቤያለሁ» እያለ ሳህን ይቀበላል።

እኔ ሽር ጉድ ያልኩበት ሠርግ ከነዚህ እሑዶች በአንዱ ላይ የዋለ ነው። ሙሽሪት ዘመዴ ናት፣ አስተማሪ። ሙሽራው የባንክ ሠራተኛ ነው። የባንክ ሠራተኛ ብር ይቆጥራል እንጂ ብር የለውም። የደረሳቸው ዕቁብ አለ፣ ትንሽ ቁጠባ አለ፣ የቀረው የቤተሰብ ምርቃት ነው። ምርቃት ደግሞ ኬተሪንጉ አይቀበልም።

ይሄ ኬተሪንግ የሚሉት ነገር ዝምድናን ሳይቀር ለውጦታል። ድሮ ድግስ የሚለካው በኩንታል፣ በጋንና በበሬ ነበር። ይሄን ያህል ኩንታል ጤፍ፣ ይሄን ያህል ጋን ጠላ፣ ይሄን ያህል ሰንጋ። የመጣው ይመጣል፣ ያለው ይበላል፣ ሲያልቅ ያልቃል። ኬተሪንግ ግን ሒሳቡን የሚሠራው በሰው ነው። ድሮ የአጎት ልጅ የአጎት ልጅ ነበር። አሁን አንድ ሳህን ነው። ሚስቱንና አምስት ልጆቹን ይዞ የሚመጣ የአጎት ልጅ ደግሞ ሰባት ሳህን ነው። ጥሪ ወረቀቱ ላይ «ከነቤተሰብዎ» የሚለው ቀስ በቀስ «ከነባለቤትዎ» የሆነው ፍቅር ቀንሶ አይደለም። አንዳንዱ ካርድ ላይ እንዲያውም ባለቤትም ጠፍታለች።

ዋጋውን እንኳ ባላነሳው ይሻል ነበር። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ፣ በሬው ራሱ ዶላር የሚበላ ይመስል ዋጋው ሽቅብ ወጣ። ለሠርግ የሚሆን ሰንጋ መቶ ሺህ ብርን ከዘለለ ቆይቷል። ስለ ቅቤ መናገር አልፈልግም።

እንግዲህ ኮሚቴ ተቋቋመ። የሠርግ ኮሚቴ የሚሰበሰበው ወጪ ለመቀነስ ነው፣ የሚበተነው ግን ወጪ ጨምሮ ነው። ሊሞዚኑን እንሰርዝ ተብሎ የተጠራ ስብሰባ ሊሞዚኑን እንዳለ ትቶ ርችት ጨምሮ ተነሣ። በዚህ መሃል ነው ሜሪላንድ ያለችው የአክስታችን ልጅ በቪዲዮ ገብታ መላ ያመጣችው።

«እዚህ እኮ ካርዱ ላይ ይጠየቃል» አለች። «ዶሮ፣ ሥጋ ወይስ አትክልት ይባላል። ሰውየው ምልክት አድርጎ ይመልሳል። በሠርጉ ቀን በስሙ ወንበር አለው፣ የመረጠው ምግብ ብቻ ይመጣለታል። አንድ ሳህን አይባክንም።»

ኮሚቴው ጸጥ አለ። የሽማግሌ ወንበር ላይ የተቀመጡት ጋሼ ግን አልዋጥላቸው አለ።

«እና ዶሮ ያለ ሰው ሥጋ አያገኝም?»

«አያገኝም ጋሼ።»

«ቢያምረውስ?»

«አስቀድሞ መምረጥ ነበረበት።»

«ሰው ከወር በፊት ምን እንደሚያምረው በምን ያውቃል?»

ለዚህ ከሜሪላንድ መልስ አልመጣም። ኔትወርኩ ነው ተባለ። በነገራችን ላይ ይቺው ልጅ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ስትዳር ቪዲዮውን ሁላችንም አይተነዋል። ቡፌ ነበር። ቁርጥም ነበረ።

ሙሽራው ግን ሐሳቡን ወደደው። ባንከኛ ነዋ። ሒሳቡ ደግሞ በወረቀት ላይ ያምራል። ምስር፣ ክክ፣ ጎመን፣ ፎሶሊያ፣ ሽሮ፦ እነዚህን ሁሉም ይበላቸዋል። ጿሚው ይበላል፣ ሥጋ የማይነካው ይበላል፣ ሐኪም የከለከለው ይበላል። ከተጋባዡ ሲሶው የጾም ቢመርጥ ግማሽ በሬ ይተርፋል። በዚህ ስሌት ካርዱ ታተመ። ከታች በኩል «ከሚከተሉት አንዱን ይምረጡ፦ ሀ. የፍስክ፣ ለ. የጾም» የሚል ሰፈረ። ከሚዜዎቹ አንዱ «ሐ. ሁለቱም» የሚል እንዲጨመር ጠይቆ ነበር። በጀት የማያውቅ ተብሎ ተገሠጸ። ልጁ ግን ከኮሚቴው ሁሉ የበለጠ ሕዝቡን ያውቅ ነበር።

ለምንድነው ሙሉውን ሠርግ የጾም የማናደርገው ያለ ሰውም አልጠፋም። የሙሽሪት እናት ሰምተው አማተቡ። ሠርግ በምስር ወጥ! ከዚያ በኋላ ሰፈር ውስጥ እንዴት ይኖራል? ልጅቷ አያት እስክትሆን ድረስ «ያቺ በሽሮ የተዳረችው» ትባላለች።

የሙስሊም እንግዶች ጉዳይ ለምርጫም ለክርክርም አልቀረበም። ይሄ በአዲስ አበባ ድግስ ማንም ገፍቶ የማያልፈው ነገር ነው። ለብቻ የታረደ፣ ለብቻ ድስት፣ ለብቻ ቢላ፣ ለብቻ ወጥ ሠሪ፣ ለብቻ ጠረጴዛ። የሙሽሪት ጓደኛ እናት «እኔ እያለሁ ሌላ ሰው ትቀጥራላችሁ?» ብለው ሙሉውን ኃላፊነት ወሰዱት። ድግሱ ውስጥ ያለ ጭቅጭቅ ያለቀው ክፍል ይሄ ብቻ ነው። ኮሚቴ አልነበረበትማ።

አሁን ወደ መልሶቹ። አብዛኛው ሰው ጭራሽ አልመለሰም። ሐበሻ «እመጣለሁ» ብሎ ደውሎ አያሳውቅም። ከተጠራ ይመጣል፣ ካልተጠራም ሊመጣ ይችላል። የመለሱት ደግሞ ኮሚቴውን ግራ አጋቡት። ሁሉም ማለት ይቻላል «ለ» ላይ ምልክት አድርገዋል። በወረቀቱ ቢሄድ ኖሮ ሠርጉ ገዳም ነበር።

ሙሽራው በደስታ ሰከረ። በሬ ቀነሰ፣ ምስር ጨመረ። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር የባንክ ሶፍትዌር አይመዘግበውም። ለእኛ ሰው «ምን ትበላለህ?» ብለህ በጽሑፍ ስትጠይቀው ፈተና ላይ ነው የጣልከው። ቤትህ መጥቶ ምግብ ሲቀርብለት እንኳ ሦስት ጊዜ «ኧረ አልፈልግም» ሳይል አይዘረጋም። ታዲያ ከወር በፊት በገዛ እጁ፣ በገዛ እስክሪብቶው «ሥጋ አምጡልኝ» ብሎ ይፈርማል? የሙሽሪት አክስት ደውለው ያሉትን ሰምቻለሁ። «እኔ ምን ሆድ አለኝና ነው። ለደስታችሁ ነው የምመጣው። የጾሟን ጠብ ካደረጋችሁልኝ ይበቃኛል።»

ጥቂት ደፋሮች ግን ነበሩ። አንድ አጎት ካርዱን ሲያዩ «በእህቴ ልጅ ሠርግ ሥጋ በማመልከቻ ሆነ?» ብለው ተቆጡ። አንዱ ሀንም ለንም መርጦ «ቁርጥ ካለ ደውሉልኝ» የሚል ጽፎ ላከ። የጤና ማስረጃ አይነት መልስም ነበር። ጨጓራ ያለበት በርበሬ እንዳይነካው። ሪህ ያለበት ሥጋ በልክ፣ ልኩን ግን እሱ እንዲወስን። ስኳር ያለበት ሩዝና ፓስታ በዞረበት እንዳይዞር። ጸበል ላይ ያሉ አንዲት ጎረቤት ደግሞ የፍስክ የነካ ጭልፋ በወጣቸው እንዳይገባ አደራ አሉ። እሳቸው ብቻ እውነታቸውን ነበር።

ወጥ ሠሪዋ እትዬ ዝርዝሩ ሲነበብላቸው ሽንኩርት እየከተፉ ነበር። እንባቸውን በክንዳቸው ጠርገው ለእናትየው እንዲህ አሉ፦ «ለጾም የጻፈውን ሁሉ ለፍስክ ቁጠሪው። ለፍስክ የጻፈውን ሁለት ጊዜ ቁጠሪው።» እናትየው ለማንም ሳይናገሩ ሁለት ሙክት አስገቡ። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ኮሚቴው አልጠየቀም። የእሳቸው ዕቁብ ግን ዙሩ ሳያልቅ መበላቱን ሰምተናል።

የሠርጉ ዕለት ቡፌው ተደረደረ። ቡፌ የሚደረደረው እንዲያምር ይመስላችኋል? ቡፌ የመከላከያ መስመር ነው። መጀመሪያ ዳቦ። ከዚያ ሰላጣ፣ ቀይ ሥር፣ ሩዝ፣ ፓስታ። ሳህኑ ራሱ ሆን ተብሎ ትንሽ ነው። ያልበሰለ ተጋባዥ እዚህ ድረስ ሲመጣ ሳህኑ ሞልቷል፣ ለደጋሹ በረከት ነው። ከዚያ እንጀራ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ክክ። ቀይ ወጡና አልጫው የሚመጡት እጅ ከሞላ በኋላ ነው። መጨረሻ ላይ ዶሮ ወጥ አለ። የዶሮ ወጡን ጭልፋ ተጋባዥ አይነካውም። ፊቱን ያኮሳተረ አስተናጋጅ ቆሞበታል። አንድ ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት ብቻ ነው ያለው፣ ሰልፉ ደግሞ በር ድረስ ነው። ዕንቁላሉም እንደ ሰልፉ ነው። ፊት ያለው ሙሉውን አገኘ፣ መሃል ያለው ግማሹን፣ ኋላ ያለው ወሬውን።

የሠለጠነ ተጋባዥ ግን ይሄን መስመር ያውቀዋል። ዳቦና ሩዙን ሰላም ሳይል ያልፋቸዋል። እንጀራውን በአንድ በኩል ብቻ ያነጥፋል፣ ለቀይ ወጥ ቦታ ይተዋል። ጭልፋ የያዘውን አስተናጋጅ «ወንድሜ፣ እናትህ ትኑርልህ» ብሎ ይመርቀዋል። ምርቃት ኬተሪንጉ ጋ አይሠራም ያልኩትን እዚህ ጋ እሽራለሁ። አንዳንዴ ሁለተኛ ብልት ያስገኛል።

ድሮ በምኒልክ ግብር አዳራሽ ሰው በማዕረጉ ተራ እየገባ ነበር የሚበላው ይባላል። ማን ምን እንደሚቀርብለት አስተናጋጁ ያውቃል፣ ተጋባዡም ያውቃል። የዛሬው አዳራሽ ማዕረግ የለውም፣ ሁሉም ይሰለፋል። ካህናቱ፣ ሽማግሌዎቹ፣ የሙሽራው አለቃና ከውጭ የመጡት ዘመዶች ግን አይሰለፉም።

ያ ሁሉ ጿሚ የት እንደገባ ልንገራችሁ። ቁርጥ ቤቱ ጋ። አዳራሹ ጥግ ላይ ነጭ ጋውን የለበሰ ቆራጭ ሥጋውን ሰቅሎ ቆሟል። ዙሪያውን ደግሞ ለ ላይ ምልክት ያደረጉ ሰዎች ከበውታል። «ከሻኛዋ ቆንጠር አድርግልኝ» ይላል አንዱ። «ታላቅ የለም? ታናሽም ቢሆን አይከፋም» ይላል ሌላው። ጨጓራ ያለበት ሰውዬ ሚጥሚጣና አዋዜውን ደባልቆ ሲያጠቅስ አየሁት። አየኝ። «ለመድኃኒት መዋጫ ነው» አለኝ። ሪህ ያለበትም ልኩን ሊወስን መጥቶ ነበር፣ እስከምሄድ ድረስ አልወሰነም።

ሙሽራው ከከፍተኛው መድረክ ላይ ሆኖ ይሄን ሁሉ ያያል። ቬሎና ሱፍ ለብሶ መብላት ስለማይመች ሙሽሮች የሚበሉት ለቪዲዮው ብቻ ነው፣ አንድ ጉርሻ ለእሷ፣ አንድ ጉርሻ ለእሱ። ስለዚህ ለመቁጠር ሙሉ ጊዜ ነበረው። በዓይኑ ሳህን ሲቆጥር ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። ሚዜው በመሐረብ ጠረገለት። ሰው ደስታ መሰለው፣ እልልታ ቀለጠ።

የጾሙ ጠረጴዛ ጋ ጸበልተኛዋ ጎረቤት ብቻቸውን በክብር ተቀምጠዋል። የሙሽሪት ጓደኛ እናት ከራሳቸው ጠረጴዛ ሆነው አይተዋቸው አጫዋች ላኩላቸው። በዚያ በኩል ምግቡም ሰልፉም በልክ ነበር። የእነሱ ምስር ከእኛ ምስር ይበልጣል የሚል ወሬ ከተነሣ በኋላ ግን እዚያም ሰልፍ ተጀመረ።

መጠጡን አላወራውም። ቢራው ቀድሞ አለቀ፣ ለስላሳው ሞቀ፣ ጠጁን የደበቀው ሰው እስካሁን አልታወቀም።

ማታ አዳራሹ ሲጸዳ ከሥጋው አጥንት እንኳ አልተረፈም። ምስሩ በጎላ ተቀምጧል። ኬተሪንጉ «የተረፈውን ትወስዱታላችሁ?» ሲል የሙሽራው ፊት ትንሽ ፈካ። ቢያንስ የመልስ ቀን የሚቀርብ ነገር ተገኘ። ዘወር ሲል ግን የሙሽሪት አክስት፣ እኚያ «የጾሟን ጠብ ካደረጋችሁልኝ ይበቃኛል» ያሉት፣ ጎላው ላይ አጎንብሰዋል። በአንድ እጃቸው ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ፌስታል ይዘዋል። በሌላው እጃቸው ሁለተኛውን እየሞሉ ነው።

«እትዬ፣ የጾም ነበር እኮ የመረጡት» አላቸው።

«እሱንማ መች ረሳሁት» አሉ፣ ፌስታሉን እያሰሩ። «ይቺ የፍስኳ ለነገ ናት። ይቺ የጾሟ ለረቡዕ።»