ክርክር፦ የወተት ዋጋ የሚቆረጠው በወጪ ስሌት ነው ወይስ በገበያ?

ሁለቱም ተከራካሪዎች የሱሉልታ ነዋሪዎች ናቸው። አንዱ ለአንድ የወተት ላም አርቢዎች ማኅበር ሒሳብ ይይዛል። ሌላዋ ላሞቻቸውን ራሳቸው እያለቡ ለሰፈሩ ሰው የሚሸጡ እናት ናቸው።

ሒሳብ ያዡ፦

እዚህ ከተማ አንዲት ወተት ሻጭ ሊትሩን ለምን በዚያ ዋጋ እንደምትሸጥ ብትጠይቋት «ሁሉም በዚሁ ነው የሚሸጠው» ትላችኋለች። ሁሉም በዚያ የሚሸጠው ደግሞ እሷን አይቶ ነው። ቁጭ ብሎ ያሰላ የለም። ፉርሽካ ሲወደድ ግን ሁሉም ያማርራል።

እስቲ አንዲት ድቅል ላም በቀን 10 ሊትር ትታለባለች እንበል። መኖዋ፣ ማለትም ድርቆሹ፣ ፉርሽካውና ፋጉሎው፣ 500 ብር ይፍጅ። ለአላቢ፣ ለጋጣ፣ ለመድኃኒት፣ ለውኃና ለመብራት 200 ብር እንጨምር። ሊትሩ 70 ብር ወጣበት ማለት ነው። ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፤ ሁሉም የራሱን ይተካበት። በ80 የሚሸጠው ሰው 10 ብር አተረፍኩ ብሎ ያድራል። ላሟ ግን ከመውለዷ በፊት 60 ቀን ያህል ትነጥፋለች፤ ነጥፋም ትበላለች። በቀን የ400 ብር ብትበላ 24,000 ብር መጣ። ይህ ገንዘብ በ305 ቀን በታለበው 3,050 ሊትር ላይ ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ ሊትር 8 ብር ገደማ ይደርሰዋል። የሊትሩ ወጪ 78 ሆነ፤ 10 የተባለው ትርፍ 2 ብር ብቻ ነው። ሰውየው ግን የ10 ብሩን እያሰበ ለልጁ ሠርግ ድንኳን ይከራያል።

ስለዚህ መጀመሪያ ወጪው ይሰላ፤ ትርፉ ይታከልበት፤ ዋጋው ያ ነው። ከወጪው በታች የሚሸጥ ሰው ነጋዴ አይባልም።

ወተት ሻጯ፦

እኔ እየነገርኳት ልጄ ናት የምትጽፈው፤ እንደተናገርኩት ትጻፈው ብያለሁ።

ነጋዴ አይባልም አልክ። እሺ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ የገናው ጾም፣ ፍልሰታም አሉ። ሰው ይጾማል፤ ላሟ አትጾምም። ጠዋትና ማታ ግቷ ተወጥሮ ትጮኻለች፤ ካላለብኳት ግቷ አብጦ ትታመምብኛለች። የማይጾም ደንበኛ አለ፤ ለኛ ለሁላችን ሲከፋፈል ግን አይበቃም። ታዲያ በር ላይ ቆሜ «78 ካልሆነ አልሸጥም» ልበል? የሰብሳቢው መኪና መጥቶ 55 ሲለኝ በ55 እሰጠዋለሁ። እሱም ሞላብኝ ያለ ቀን እንጣለሁ። ለአንድ ኪሎ ቅቤ ከ20 ሊትር በላይ ወተት ይገባል፤ ክንዴ ያውቀዋል። ቅቤው ግን ለፋሲካ ይደርሳል። ይኸውልህ፣ ነጋዴ የማይባል ሰው ሁዳዴን የሚያልፈው እንዲህ ነው።

ሌላም አለኝ። መኖውን በሙሉ ወተቱ ላይ ጫንከው። ላሟ ከዚያ መኖ ጥጃም ሰጥታኛለች፤ ክረምቱን ሙሉ ምጣዴ የሚነድበትን ኩበትም ሰጥታኛለች። ከ500 ብሩ ስንቱ የወተቱ፣ ስንቱ የጥጃው፣ ስንቱ የኩበቱ ነው? ያንን ደብተርህ ያውቀዋል?

ደግሞ ለአላቢ ብለህ የጻፍከውን ከእኔ ላይ አንሣው። የማልበው ራሴ ነኝ። ጉልበቴ ወጪ አይደለም።

ሒሳብ ያዡ፦

እትዬ፣ ሁዳዴን ባጭሩ ልጨርሰው። መኖው ለሊትር 50 ብር ነው። በ55 ቢሸጡ 5 ብር ይተርፍና ለጋጣው ይረዳል። ቋሚውን ወጪና ከምርቱ ጋር ከፍ ዝቅ የሚለውን ለይቶ ማየት ይባላል፤ ይህም የወጪ ስሌት ነው።

«ጉልበቴ ወጪ አይደለም» ያሉትን ግን ደግሜ አነበብኩት። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይነሣሉ። ያልባሉ፣ ጋጣ ይጠርጋሉ፣ መኖ ይቀላቅላሉ፣ ወተት ያደርሳሉ፣ ማታ እንደገና ያልባሉ። ይህን ሁሉ ሰው ቀጥረው ቢያሠሩ ደሞዝ ይጠይቆታል። ራስዎ ስለሠሩት ነጻ ሆነ? እንዲህ ከሆነ ትርፍ የሚሉት ያልተከፈለ ደሞዝዎ ነው። ከላሟ ያገኙት ሳንቲም የለም። የሱሉልታ ወተት የረከሰው እናቶች በነጻ ስለሚሠሩ ነው፤ ሠራተኛ ቀጥሮ የሚያልብ አርቢ ደግሞ በዚያ ዋጋ ሊወዳደር አይችልም።

እኔ ራሴ የእርስዎ ደንበኛ ነኝ። በጆግ ሊትሩን ከሰፈሩልኝ በኋላ በቡና ስኒ ምርቃት ይጨምሩልኛል። ስኒዋ 75 ሚሊ ሊትር ትይዛለች እንበል። በ80 ብር የሰጡኝ 1 ሊትር ከ75 ሚሊ ነው፤ ሊትሩን በ74 ብር ከ40 ሳንቲም ገደማ ሸጡልኝ ማለት ነው። ወጪዎ 78 ከሆነ በየሊትሩ ከ3 ብር በላይ ከኪስዎ ጨምረው እየመረቁኝ ነው።

ወተት ሻጯ፦

ሸጥክ እኮ! በ55 ሸጥክ! መጀመሪያ 70 አልክ፣ ከዚያ የነጠፈችውን ጨምረህ 78 አደረስከው፣ ከዚያ በታች የሚሸጥ ነጋዴ አይባልም አልክ። ሁዳዴ ሲነሣብህ 78ቱ ቀርቶ 50 ሆነ። አሁን አንተ ነጋዴ ነህ ወይስ አይደለህም? ወጪው እንደ ወቅቱ ስሙን የሚለዋውጥ ከሆነ፣ ዋጋ የቆረጠው ወቅቱ ነው፤ ገበያው ነው። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው። አንተ ልጅ፣ «ነጋዴ አይባልም» ያልካትን ቃል ከጻፍክበት አንሣት፤ ሌላውን ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን።

የኩበቱንም አልመለስክም።

ስኒዬን ግን ቆጥረሃታል። ስትቀበል አንድም ቀን «ይብቃኝ» አላልክም፤ ጣሳህን ከፍ ነው የምታደርግልኝ። ከኔ አጥር ቀጥሎ የሚሸጠውን ታውቀዋለህ። እሱ ውኃ ይጨምራል፤ እኔ ወተት እጨምራለሁ። ሰው ዳገቱን ወጥቶ እኔ ዘንድ የሚመጣው ለምን ይመስልሃል?

ሒሳብ ያዡ፦

ምርቃቱ ይቅር አልወጣኝም፤ ይጻፍ ነው ያልኩት። ማስታወቂያ ከሆነ የማስታወቂያ ወጪ ተብሎ ይጻፍ።

ወጪ ጽፈው ቢይዙ ሌላም ያዩ ነበር። ድርቆሽ በኅዳር ረክሶ ክረምት ላይ ይወደዳል። ዋጋ ሲያወጡ የሚያስቡት በኅዳር የገዙበትን ነው ወይስ ነገ የሚተኩበትን? ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚመጣው የከብት መድኃኒት ምን እንደሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ። የድሮውን ዋጋ እያሰበ የሸጠ ሰው ያለቀውን መድኃኒት መልሶ መግዛት አቅቶታል። ያቺ ዳለቻ ላምዎ ደግሞ፣ እንደማየው በቀን ከ4 ሊትር አታልፍም። ደብተር ቢኖርዎ ኖሮ ድሮ በተሸጠች ነበር።

ማኅበሩ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ሊትሩን 86 ሊያደርግ ተነጋግሯል። እርስዎ በ80 ሲሸጡ፣ በዚያ ላይ ሲመርቁ፣ እኛን ይጥሉናል። ጥያቄው እንግዲህ የእርስዎ ኪስ ብቻ አይደለም።

ወተት ሻጯ፦

እንደሱ በለኝ! ከመጀመሪያው ይህንን ብትለኝ ምን ነበረበት?

ጉልበትሽ ስንት ያወጣል አልከኝ። ለኔ ዕድሜ ሴት ሱሉልታ ውስጥ ደሞዝ የሚከፍል ካለ አሳየኝ፤ ዛሬውኑ ሌሊት መነሣቴን እተዋለሁ። ከሌለ ግን ያልቀረብኝን ደሞዝ ወጪ አታድርግብኝ። በነጻ ትሠራለች ተብዬ በጽሑፍ መነገሬ ደግሞ አሳዝኖኛል። ልጆቼን ያስተማርኩት በዚሁ በነጻ ባልከው ሥራ ነው፤ ይህን የምትጽፈውም አንዷ ናት።

ዳለቻዋን ተዋት። ዛሬ ከማልባቸው ሁለቱ የእሷ ልጆች ናቸው።

86 ሊያደርግ የተነጋገረው ማኅበር ያስብበት። ልጄ ስታነብልኝ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ተፎካካሪ ነጋዴዎች ተመካክረው ዋጋ እንዳይቆርጡ ተከልክሏል ይላል። ወጪያችንን አሰላን ትላላችሁ። የሁላችሁም ወጪ እኩል 86 ላይ የወጣው እንዴት ነው? የአንዱ ላም 15 ሊትር፣ የሌላው 6 ትሰጣለች፤ አንዱ ድርቆሹን ያጭዳል፣ ሌላው ይገዛል።

ሒሳብ ያዡ፦

እትዬ፣ ሕግ ከተነሣማ የእርስዎ ንግድ ፈቃድስ? በጆግ የሚሰፈር ወተት ደረሰኝ አለው? ማኅበሩ ግብር ይከፍላል፣ ወተቱን ውኃ መጨመሩን በሚያሳይ መለኪያ፣ በላክቶሜትር ለክቶ፣ መቆምጠጡን በአልኮል ፈትሾ ነው የሚቀበለው። ያ ሁሉ ወጪ ነው፤ ያንን ሳይሸከሙ ረክሶ መሸጥ ቀላል ነው። በክፋት አይደለም የምለው።

ወተት ሻጯ፦

ላክቶሜትርህን ይዘህ ና፣ የኔን ወተት ለካ። ከዚያ የጎረቤቴን ለካና ዋጋ እንነጋገር። የፈቃዱን ነገር ቀበሌው ይጠይቀኝ፤ አንተ ሒሳብ ያዥ ነህ።

እኔ 86 አልልም። ፉርሽካው ከጨመረ እጨምራለሁ፤ የምጨምረውንም ለደንበኞቼ ቀድሜ እነግራለሁ። ነገ ወተት የምትወስድ ከሆነ ከ1 ሰዓት በፊት ድረስ፤ ከዚያ በኋላ ያልቃል።